84 ሙዚቀኞች ፊት፦ የማዶና የ«ኤቪታ» ቀረጻ እንደ ጉዳይ ጥናት

ጉዳዩን ለምን አነሣሁት

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት የማውቃት ድምፃዊት ለአንድ ሙዚቃዊ ቴአትር ተጠርታ የመጀመሪያውን ቀን ልምምድ እንደጨረሰች ደወለችልኝ። «ድምፄ ጠፋ» አለችኝ። ስታወራኝ ግን ድምፅዋ እንደ ወትሮው ጥርት ያለ ነበር። የጠፋባት ሌላ ነገር ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የዘፈነችው ብቻዋን፣ ሄድፎን አጥልቃ፣ አቀናባሪው ጨርሶ ባስረከባት ሙዚቃ ላይ ነው። ካልጣማት «እስቲ ከላይ ድገመው» ትላለች፤ የሚሰማት ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠው የቀረጻ ባለሙያ ብቻ ነው። ያን ቀን ግን ሙሉ ባንድ ፊት ቆማ፣ ሌላ ሰው የጻፈውን፣ ሌላ ሰው በሚመራው ፍጥነት እንድትዘፍን ተጠየቀች።

ያን ዕለት ማታ የነገርኳት ታሪክ ነው ይህ ጽሑፍ የሆነው። በ1995 እና በ1996 «ኤቪታ» የተባለው ሙዚቃዊ ፊልም አልበም ሲቀረጽ የሆነ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የጉዳይ ጥናት ስም አይጠራም፤ እዚህ ግን ዋናዋ ሰው ማዶና መሆኗን መደበቅ ቀልድ ይሆናል። ሌሎቹን በሥራቸው እጠራቸዋለሁ፦ ዳይሬክተሩ፣ የዜማው ደራሲ፣ የግጥሙ ደራሲ፣ የድምፅ አሠልጣኟ። ሥራው የሕዝብ ነው፤ የማንንም ገመና ለማውጣት አልጻፍኩትም።

ዳራ

«ኤቪታ» ፊልም ከመሆኑ በፊት አልበም ነበር፣ ከዚያም የመድረክ ሥራ። በ1976 መድረክ ሳይወጣ በአልበም መልክ ታተመ። በ1978 ለንደን፣ በ1979 ደግሞ ኒውዮርክ ብሮድዌይ ላይ ለመድረክ በቃ። ታሪኩ የአርጀንቲናው ፕሬዚዳንት የኹዋን ፔሮን ሚስት የኤቫ ፔሮን ነው። ከገጠር ከተማ ተነሥታ በ15 ዓመቷ ቡዌኖስ አይረስ ገባች፣ የሬዲዮ ተዋናይ ሆነች፣ ቀዳማዊት እመቤት ሆነች፣ በ1952 በ33 ዓመቷ በካንሰር ሞተች። ሥራው ከዳር እስከ ዳር የሚዘፈን ነው፤ በንግግር የሚያልፍ ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ለጉዳያችን ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። በተራ ፊልም ተዋናይ ደካማ ዘፈን ቢኖራት በሌላ ትዕይንት ትሸፍነዋለች። እዚህ የሚሸፍን ነገር የለም። ፍቅሩም፣ ፖለቲካውም፣ ሞቱም በዜማ ነው።

ፊልሙ ከ1970ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ሲታሰብ፣ ሲተው፣ እንደገና ሲነሣ ከ15 ዓመት በላይ ፈጀ። ዳይሬክተሮች መጡ፣ ሄዱ። ለዋናዋ ሚና የታጩት ዝነኛ ተዋናዮች ዝርዝርም ረዥም ነው። ሥራው በመጨረሻ በእንግሊዛዊው ዳይሬክተር እጅ ሲገባ፣ ማዶና በ1994 የገና ሰሞን አራት ገጽ ደብዳቤ በእጅዋ ጽፋ ላከችለት። ይህን ሚና ከእኔ የተሻለ የሚረዳው የለም፣ የምትለኝን ሁሉ እሠራለሁ የሚል ይዘት ያለው ደብዳቤ ነው። ከደብዳቤው ጋር «ቴክ ኤ ባው» የተባለውን ዘፈኗን ቪዲዮ አያያዘች፤ የድሮ ዘመን ልብስ ለብሳ የምትታይበት ስለሆነ፣ «ኤቫን መምሰል እችላለሁ» ማለቷ ነበር።

ከባዶ የተነሣች አልነበረችም። በ1990 «ዲክ ትሬሲ» ከተባለው ፊልም ጋር በተያያዘ አልበሟ ላይ አንድ ታላቅ የብሮድዌይ ደራሲ የጻፋቸውን ሦስት ዘፈኖች ዘፍናለች። ከእነዚያ አንዱ ለደራሲው የኦስካር ሽልማት አስገኝቶለታል። ሆኖም ሦስት ዘፈን ሌላ ነው፣ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ሙዚቃ ተሸክሞ መዝለቅ ሌላ ነው።

ችግሩ ከቀረጻው በፊት

ሚናውን እንዳገኘች ኒውዮርክ ውስጥ ከአንዲት የድምፅ አሠልጣኝ ጋር ትምህርት ጀመረች። በወቅቱ ማዶና 37 ዓመት ሊሞላትም ላይሞላትም ነው፣ በዓለም ከታወቁት ፖፕ ዘፋኞች አንዷ ናት፣ የራሷ የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ አላት። እንዲህ ያለ ሰው «አስተምሩኝ» ብሎ ተማሪ መሆኑ በራሱ ከባድ ነው፤ ይህን ስጽፍ አድናቆቴን አልደብቅም።

በፖፕ ዘፈን ድምፁ ከማይክራፎኑ አፍ አጠገብ ነው የሚወለደው። ሹክሹክታም ቢሆን ማጉሊያው ያነሣዋል። ትንፋሽ ቢያጥር የቀረጻ ባለሙያው ሁለት ቁራጭ ይገጥምበታል። በመድረክ ሙዚቃ ግን አንድ ሐረግ እስከ ጫፉ በአንድ ትንፋሽ መዝለቅ አለበት፣ ከታችኛው የደረት ድምፅ ወደ ላይኛው ሲወጣ ስፌቱ መታየት የለበትም፣ ቃሉም አንድ በአንድ መሰማት አለበት፤ ታሪኩ ያለው ቃሉ ላይ ነውና። አሠልጣኟ በኋላ እንደተናገረችው፣ ማዶና እንዳላት የማታውቀውን የላይኛውን ድምፅዋን ያገኘችው በዚያ ትምህርት ነው። ማታ ማታ ለጓደኞቿ እየደወለች የተማረችውን በስልክ ትዘፍንላቸው ነበር ይባላል። ስልኩን አንሥቶ ያን ድምፅ በጆሮው የተቀበለ ሰው ምን ብሎ ይሆን ብዬ ሁሌ አስባለሁ።

ስለዚህ ወደ ለንደን ስትሄድ ድምፅዋ ተዘጋጅቷል። ያልተዘጋጀው የአሠራሩ ልማድ ነው። እስከዚያ ድረስ ዘፈኖቿን አብራ ትጽፍ ነበር፣ ሙዚቀኛ ትመርጥ ነበር፣ የሚጥመውንና የማይጥመውን እሷ ትወስን ነበር። አሁን ብዙ ዜማ ተሰጣት፤ አንዱንም አልጻፈችውም፣ ስለ አንዱም የመጨረሻው ቃል የእሷ አይደለም። ይህ ትልቅ ለውጥ እንደሆነባት ራሷ ተናግራለች።

ጥቁር ሰኞ

ቀረጻው የተጀመረው በ1995 ኦክቶበር መጀመሪያ፣ ለንደን በሚገኘው ሲቲኤስ ስቱዲዮ ነው። ስቱዲዮው የፊልም ሙዚቃ የሚቀረጽበት ሰፊ አዳራሽ ነው። 84 ሙዚቀኞች ያሉት ኦርኬስትራ ተቀምጧል። ሙዚቀኞቹ ሲጫወቱ እሷ አብራ መምሪያ ድምፅ (በኋላ በዋናው ቀረጻ የሚተካ ጊዜያዊ ድምፅ) እንድታስቀምጥ ነው የታሰበው። የዜማው ደራሲም እዚያው ነው። የመጀመሪያው ሥራ «ዶንት ክራይ ፎር ሚ አርጀንቲና» ሆነ።

ይህን ዘፈን የሚያውቅ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የሥራው ሁሉ ማማ ነው። ሲጀመር ዝቅ ብሎ፣ ለመናገር የቀረበ ነው፤ ድምፃዊቷ የምትደበቅበት ከበሮ የለም። ከዚያ አዝማቹ ላይ ድምፁ ረዝሞ መቆም አለበት፣ ሳይንቀጠቀጥ። መሐል ላይ ሕዝቡ ዜማውን አፉን ዘግቶ ያንጎራጉራል፤ ከዚያ ዝምታ ውስጥ ዘፋኟ ብቻዋን መመለስ አለባት። አንዲት የመድረክ ዘፋኝ በሦስተኛው ሳምንት የምትዘፍነውን፣ እሷ በመጀመሪያው ቀን፣ ከማታውቃቸው 84 ሰዎች ፊት፣ የጻፈው ሰው እየሰማ።

ዳይሬክተሩ ያን ቀን «ጥቁር ሰኞ» ብሎ ሰይሞታል። እሷም የዜማው ደራሲ በእሷ ላይ ጥርጣሬ እንደነበረው እያወቀች ከሁሉ የከበደውን ዘፈን መዝፈኗ ክፉኛ እንዳስጨነቃት በኋላ ተናግራለች።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ይህች ሴት ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ፊት ስትዘፍን የኖረች ናት። ሰማንያ አራት ሰው ምኗ ነው? የብዙዎች ግራ መጋባት ይህ ነው፣ መልሱም ለእኔ ግልጽ ነው። የስታዲየም ሕዝብ ሊወዳት መጥቷል፤ ድምፅዋ ቢሰበር አብሮ ይጮኻል። የኦርኬስትራ ሙዚቀኛ ግን አያጨበጭብም። ወረቀቱን ያያል፣ ድርሻውን ይጫወታል፣ ሐረጉ ሲያልቅ ቫዮሊኑን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ይጠብቃል። ያ ዝምታ ጥላቻ የለበትም፣ የሙያ ጠባይ ነው። ለማያውቀው ሰው ግን ፍርድ ይመስላል።

የእኛም ሙዚቃ አንድ ጊዜ እንዲያ ነበር። በክቡር ዘበኛና በፖሊስ ኦርኬስትራ ዘመን ድምፃዊው ከነ ትንፋሽ መሣሪያው ባንድ ጋር በአንድ ክፍል ቆሞ ነበር የሚቀዳው። አንዱ ቢስት ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል። በዚያ ያደገ ድምፃዊ ማዶናን የገጠማትን ፈተና ሥራ ብሎም አይጠራውም፤ የዘወትር ኑሮው ነው። ልዩነቱ ከችሎታ ይልቅ ከለመዱት ክፍል ይመጣል።

የተወሰደው እርምጃ

ከዚያ ቀን በኋላ ዳይሬክተሩ፣ የዜማው ደራሲና ዘፋኟ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጡ። እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ ሦስት የተለመዱ መንገዶች አሉ። አንደኛው «ተላመጂው» ማለት ነው። ሁለተኛው ደረጃውን ዝቅ አድርጎ በቀላሉ ማለፍ ነው። ሦስተኛው ሰውን መለወጥ ነው። እነሱ አራተኛውን መረጡ፦ ክፍሉን ለወጡት።

ማዶና ድምፅዋን የምትቀርጸው ዊትፊልድ ስትሪት በተባለ፣ ለዘመናዊ ሙዚቃ በተሠራ ሌላ ስቱዲዮ እንዲሆን ተወሰነ። ኦርኬስትራው በሌላ ቦታ ይቀረጻል። በአጭሩ፣ የምታውቀውን አሠራር መለሱላት፦ ጠበብ ያለ ክፍል፣ ሄድፎን፣ ጥቂት ሰው። ሙዚቃው ግን አልተለወጠም። የዘፈኑ ክብደት ያው ነው፣ የሚጠበቅባት ያው ነው፤ ሲሳሳቱ የሚሰማው ሰው ቁጥር ብቻ ነው የቀነሰው።

ሁለተኛው እርምጃ ዕረፍት ነበር። አንድ ቀን ስትዘፍን በማግስቱ እንድታርፍ ተደረገ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ለአራት ወር ገደማ በዘለቀ ቀረጻ ግን የጊዜ ሰሌዳውን ግማሽ መስጠት ማለት ነው፣ ለአምራቹም ገንዘብ ነው። የስቱዲዮ ክፍያ በሰዓት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይህን ውሳኔ አሳንሶ አያየውም። ነገር ግን የድምፅ ጅማት ጡንቻ ነው። በአዲስ መንገድ እንዲሠራ እየሠለጠነ ያለ ጡንቻ በየቀኑ ቢገረፍ ያብጣል፣ ያበጠ ድምፅ ደግሞ በአንድ ሌሊት አይመለስም።

ዳይሬክተሩ የሁሉንም ፍርሃት የገለጸበት መንገድ ልክ ይመስለኛል፦ አንዳቸው ከፖፕ፣ አንዳቸው ከፊልም፣ አንዳቸው ከሙዚቃዊ ቴአትር የመጡ ናቸው፣ ሁሉም ፈርተው ነበር። ፔሮንን የሚጫወተው ተዋናይ የለንደን ሙዚቃዊ ቴአትር የቆየ ልምድ ነበረው። ተራኪውን የሚጫወተው ስፔናዊ ግን በዋነኛነት የፊልም ሰው ነው። የተጨነቀችው ማዶና ብቻ አልነበረችም፤ እሷ ላይ ብርሃኑ ስለበዛ ነው የታየው።

የተጨመረው ዘፈን

ከቀረጻው ሁሉ በተለየ ሁኔታ የሚያስተምረው ክፍል ግን ይህ ነው። ለፊልሙ አዲስ ዘፈን ተጻፈ፣ «ዩ መስት ላቭ ሚ» የሚል። ታማ አልጋ ላይ የወደቀችው ኤቫ ባሏ በእርግጥ እንደሚወዳት የምትረዳበት ቦታ ነው። በመድረኩ ሥራ ውስጥ አልነበረም። አዲስ መሆኑ ሌላም ጥቅም ነበረው፦ የኦስካር የዘፈን ሽልማት ለፊልሙ የተጻፈ ዘፈን ብቻ ነው የሚቀበለው።

ዘፈኑ አጭር ነው፣ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ፒያኖና ቼሎ ከፊት ናቸው። ድምፁ መጮኽ አያስፈልገውም፣ እንዲያውም ቢጮኽ ይበላሻል፤ የምትሞት ሴት ናት የምትዘፍነው። ለማዶና የተሰፋ ልብስ ነው። ከማይክራፎን አጠገብ መዝፈን ለዓመታት የሠራችው ሥራ ነው፣ እዚህ ድካሙም፣ የትንፋሹ እጥረትም ለገጸ ባሕርይዋ ይሠራል። አዲስ ያገኘችውን ድምፅና የድሮውን ልማዷን ያገናኘው ይህ ዘፈን ነው ብዬ አምናለሁ።

ግጭት አልጠፋም። ግጥሙ ሲደርሳት ልትለውጠው ሞክራለች። የግጥሙ ደራሲ ግን አልተስማማም፤ ግጥሙ እንደ ተጻፈ ቀረ። እዚህ ላይ የእሱ ወገን ነኝ። ዘፈኑ ያን ኃይል ያገኘው የተረታች ሴት ስለምትዘፍነው ነው። የራሷን ሥራ የምታዝዝ ዘፋኝ ግን በተፈጥሮዋ መረታትን በግጥም ላይ ማየት አትወድም። በዚህ ፊልም የመጨረሻው ቃል የእሷ አለመሆኑ የጠቀመበት አንድ ቦታ ቢኖር ይህ ነው።

ከስቱዲዮ ወደ ሰገነት

ድምፁ አስቀድሞ ስለተቀረጸ ፊልሙ የተነሣው በፕሌይባክ ነው፤ የተቀረጸው ድምፅ ይጫወታል፣ ተዋናዩ አፉን ከእሱ ጋር ያገጥማል። በ1996 መጀመሪያ ቡዌኖስ አይረስ ሲገቡ ከተማው ውስጥ «ማዶና ውጪ» የሚሉ የግድግዳ ጽሑፎች ጠብቀዋቸዋል። ለብዙ አርጀንቲናውያን ኤቫ ቅድስት ናት፤ የእሷን ቦታ በሃይማኖታዊ ምልክት የተጫወተች ፖፕ ዘፋኝ ስትይዝ መቆጣታቸው አይደንቅም። ዘፋኟ ከወቅቱ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ጋር ተገናኝታ ከተነጋገረች በኋላ የእውነተኛው ቤተ መንግሥት፣ የካሳ ሮሳዳ ሰገነት ለቀረጻ ተፈቀደ።

በማርች ወር በሺዎች የሚቆጠሩ አጃቢ ተዋናዮች አደባባዩ ላይ ቆመው ያንኑ የጥቁር ሰኞ ዘፈን ከሰገነቱ ሆና አቀረበችው። ያኔ የሚያስፈራት ነገር ያነሰ ይመስለኛል። ድምፁ በማጫወቻው ውስጥ ነው፣ ከፊቷ ያለው ደግሞ እንደገና ሕዝብ ነው፣ የምታውቀው ጌታዋ።

ሌላ ያልታሰበ ነገር ተከተለ። ቀረጻው ወደ ቡዳፔስት ሲዛወር ማዶና ነፍሰ ጡር መሆኗ ታወቀ። ልብሶች መለቀቅ ነበረባቸው፣ የጭፈራ ትዕይንቶችም መጣደፍ ነበረባቸው። ድምፁ ቀድሞ ባይጠናቀቅ ኖሮ ይህ ሥራውን ያናጋው ነበር፤ የነፍሰ ጡር ትንፋሽ በየወሩ ይለወጣልና። ዕቅድ አይደለም፣ ዕድል ነው። ግን ድምፅን አስቀድሞ መጨረስ የዕድልን በር ይከፍታል።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

አልበሙ በኖቬምበር 1996 ወጣ፣ ሁለት ዲስክ ሆኖ። በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ሁለተኛ፣ በብሪታንያ አንደኛ ደረሰ። በአሜሪካ አምስት ጊዜ ፕላቲነም ተመሰከረለት። ይህን ቁጥር ሲያነቡ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሁለት ዲስክ ያለው ረዥም አልበም ሁለት ተብሎ ስለሚቆጠር አምስት ፕላቲነም አምስት ሚሊዮን ገዢ ማለት አይደለም። ሁለትና ግማሽ ሚሊዮን ቅጂም ቢሆን ከዳር እስከ ዳር ለሚዘፈን ሥራ ብዙ ነው።

ማዶና በጃንዋሪ 1997 በሙዚቃዊ ወይም አስቂኝ ፊልም ዘርፍ የምርጥ ተዋናይት ጎልደን ግሎብ አገኘች። ኦስካር ላይ ግን ለተዋናይነት ዕጩ እንኳ አልሆነችም። ፊልሙ በአምስት ዘርፍ ታጭቶ ያሸነፈው በአንድ ነው፤ በ«ዩ መስት ላቭ ሚ»። በማርች 1997 ሥነ ሥርዓት ላይ መድረክ ወጥታ ዘፈነችው። ሽልማቱ ግን የደራሲዎቹ ነው።

ያልሠራው ምንድን ነው? መጀመሪያ፣ ቴአትር ወዳዶችን ማሳመን አልተቻለም። በመድረክ ላይ የነጎዱትን ድምፆች ጆሯቸው ውስጥ የያዙ ሰዎች የማዶናን ድምፅ ትንሽ ነው አሉት። በእኔ ጆሮ ፍርዱ ግማሽ እውነት ነው። ንዴት የሚጠይቁ ቦታዎች ላይ ድምፅዋ ጥርስ ያጥረዋል። ፀጥታና ምኞት የሚጠይቁ ቦታዎች ላይ ግን ብዙ የመድረክ ዘፋኞች የማይደርሱበት ቅርበት አለው፤ ማይክራፎንን እንደ ሰው ጆሮ ታናግረዋለች።

ሁለተኛው የባሰ ነው። «አናዘር ሱትኬስ ኢን አናዘር ሆል» የሚለው ዘፈን በመድረኩ ሥራ የፔሮን ውሽማ ነው። ኤቫ ከቤት አስወጥታ ሻንጣዋን አስይዛ የምትሰዳት ልጅ ናት፣ ይህ ዘፈኗ ብቻ ነው ያላት። ተመልካቹ ኤቫ ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነች የሚሰማው እዚያ ነው። በፊልሙ ዘፈኑ ለኤቫ ተሰጠ፤ ልጅቷን የተጫወተችው ወጣት ድምፃዊት ጥቂት መስመር ብቻ ቀረላት። ዘፈኑ ያምራል፣ ማዶናም በደንብ ዘፍናዋለች። ግን የተበደለችው ለቅሶ ለበዳይዋ ተላለፈ። ኮከብ ስላለን ዘፈን እንጨምርላት የሚለው ሒሳብ ታሪኩን እዚህ ላይ አስከፍሎታል።

ሦስተኛው በተለየ መንገድ ነው የተፈታው። «ዶንት ክራይ ፎር ሚ አርጀንቲና» በአልበሙ ላይ እንዳለው ቀርፋፋና ረዥም ነው፣ ለዳንስ ቤት አይሆንም፣ ለአሜሪካ ሬዲዮም ይከብዳል። ዘፈኑን ከመቁረጥ ይልቅ ማዶና ድምፅዋን በ1996 እንደገና ቀረጸች፣ በእንግሊዝኛም በስፓኒሽም፣ «ማያሚ ሚክስ» የተባለውን የዳንስ ቅንብር ለመሥራት። የአልበሙ ቅጂ ሳይነካ ቆየ። ዘፈኑ በአሜሪካ ስምንተኛ፣ በብሪታንያ ሦስተኛ ደረሰ። የአርጀንቲናዋ ቀዳማዊት እመቤት በዳንስ ቤት መሰማቷ አንዳንዱን ያሳቃል፤ እኔንም ትንሽ ያሳቀኛል። አሠራሩ ግን ንጹሕ ነው።

ለሌላ ሥራ የሚወሰድ

ወዳጄ ከዚህ ሁሉ የያዘችው አንድ ነገር ነው፦ በመጀመሪያው ቀን ከባዱን አትንኪ። ለተለማማጅ ቡድን ሰሌዳ የሚያወጣ ሰው ሁሉ ይህን ቢያስብ ግማሽ ችግር አይፈጠርም። የመጀመሪያው ቀን ድምፃዊው ሙዚቀኞቹን፣ ሙዚቀኞቹ ድምፃዊውን የሚለማመዱበት ነው፤ ሁለት ሦስት ቀላል ሐረግ ይበቃል። ማማው ላይ የሚወጣው መሠረቱ ከደረቀ በኋላ ነው።

ድምፃዊ ሲሰበር ደግሞ «ችሎታ የላትም» ከማለት በፊት ዛሬ ከትናንት ምን እንደተለወጠ መጠየቅ ይገባል። ክፍሉ ተለውጧል? የሚሰማው ሰው በዝቷል? የሚወስነው ማን ነው? በዚህ ጉዳይ የዘፋኟ ድምፅ ሰኞም ማክሰኞም ያው ነበር። የተለወጠው በዙሪያዋ ያለው ነው፣ መፍትሔውም የተገኘው እዚያ ነው። ይህ ግን ለሁሉም አይሠራም። መድረክ ላይ በቀጥታ የሚቀርብ ሥራ ከሆነ ክፍሉን መለየት ችግሩን ማዘግየት ብቻ ነው፤ አንድ ቀን ከባንዱ ጋር መቆም አይቀርም። ለወዳጄ ሥራ ይህ መፍትሔ አልሆነም። እኛ ያደረግነው በየቀኑ ሁለት ሁለት ሙዚቀኛ እየጨመሩ መለማመድ ነው፤ መጀመሪያ ፒያኖ፣ ከዚያ ቤዝ፣ ከዚያ ከበሮ፣ በመጨረሻ ትንፋሾቹ።

ዕረፍት ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። «ሲደክምሽ ንገሪን» የሚባለው አይሠራም፤ ድምፃዊ ድካሙን የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው፣ ቢያውቅም ሰው ፊት መናገር ያፍራል። ማክሰኞ ዕረፍት ተብሎ ሲጻፍ ማንም አያፍርም።

ለዜማና ለግጥም ደራሲዎችም አንድ ቃል። ድምፁን ሰምቶ ለዚያ ድምፅ መጻፍ ከብዙ ሥልጠና ይሻላል፤ «ዩ መስት ላቭ ሚ» ለዚህ ምስክር ነው። ድምፁን ሰምቶ የሌላውን ገጸ ባሕርይ ዘፈን ነጥቆ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ

አሠልጣኟ ያወጣችው የላይኛው ድምፅ ከፊልሙ ጋር አልቀረም። በ1998 በወጣው «ሬይ ኦቭ ላይት» አልበም ላይ የማዶና ድምፅ ከዚያ በፊት ከነበረው የሰፋ፣ የጠራ፣ ሐረግ እስከ ጫፍ የሚዘልቅ ነው። ሁለቱን አልበሞች በተከታታይ የሰማ ሰው ስፌቱን ያገኘዋል። አልበሙ የምርጥ ፖፕ አልበም ግራሚ አግኝቷል።

በዲሴምበር 2008 በጉብኝቷ ቡዌኖስ አይረስ ደረሰች፣ ሪቨር ፕሌት ስታዲየም። በዝርዝሩ ውስጥ «ዩ መስት ላቭ ሚ» ነበር፤ በዚያ ከተማ ግን ተከታዩን ጨመረች፣ የጥቁር ሰኞውን። ኦርኬስትራ የለም፣ ጥቂት ሙዚቀኛ ነው፤ ከ12 ዓመት በፊት ግድግዳው ላይ «ውጪ» ያላት ከተማ ሕዝብ አብሯት ይዘፍናል። የዚያን ምሽት ምስል ለወዳጄ ላክሁላት። መልሳ የጻፈችልኝ አንድ መስመር ነው፦ «ስንት ሙዚቀኛ ነው ያለው? ቆጥረህ ንገረኝ።»